በዱቤ ደብተሬ ላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ከርማችኋል? የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አነስተኛ ሱቅ አለችኝ። ዘይት፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ሳሙና እሸጣለሁ። ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ያመጣዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰው ከቤት በማያስወጣበት ሰዓት ባንኮኒው ጀርባ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን የጻፍኩትም ታህሳስ እየደረሰ ስለሆነ ነው። የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ስለቱን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው። እኔም አምና ይሄኔ እያዘጋጀሁ ነበር።

በጋዜጣችሁ የፊት ገጽ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ ዓ.ም. ብላችሁ ታትማላችሁ። ዓመተ ምሕረት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ መምጣት በፊት ያለውን 5500 ዘመን ዓመተ ፍዳ፣ ዓመተ ኩነኔ ትለዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የምሕረት ዘመን ነው። ስንወለድ፣ ስንዳር፣ ቤት ስንከራይ፣ ፍርድ ቤት ስንካሰስ ሳይቀር ቀኑን የምንጽፈው በምሕረት ነው። እኔም በዱቤ ደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ ባለዕዳ ስም አጠገብ ይህንኑ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ዘይት 1 ሊትር፣ ስኳር 2 ኪሎ፣ ያልተከፈለ፣ ቀኑ ይህ፣ ዓ.ም.። ከ20 ዓመት በላይ ነግጃለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አላሰብኩም።

ደግሞ አፋችን ሁሉ ምሕረት ነው። ሰው ሲያነጥስ ይማርህ እንላለን። የታመመ ጠይቀን ስንወጣ እግዜር ይማርሽ። ልቅሶ ቤት ነፍስ ይማር። ሴቷን ልጃችንን ምሕረት፣ ወንዱን መሐሪ ብለን እንጠራለን። ቤተ ክርስቲያን ቆመን 41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እንላለን፣ እንዳንሳሳት ጣታችንን እያጠፍን። ግን ልብ በሉልኝ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚምረው እሱ ነው። ይማርህ፣ ይማርሽ፣ ይማር። "ልማርህ" የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ 52 ዓመቴ ነው፣ አልሰማሁም። ምሕረቱን ጠቅልለን ለእግዜር ትተንለታል።

ወደ ራሴ ልምጣ።

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ልጅ እላታለሁ እንጂ ከ30 አታንስም፤ ሁለት ልጆች አሏት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ስሟን አልጽፍም፤ ስሟን እኔው እንደሚበቃ አጥፍቼዋለሁ። ሦስት ዓመት ከእኔ በዱቤ ወሰደች፣ ሦስት ዓመት ከፈለች። ወሩ ሲያልቅ ትመጣለች፣ ብሩን ቆጥራ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለች፣ እኔ እሰርዛለሁ። ካቻምና ክረምት ላይ ጤፉ ሲወደድ፣ መብራቱም ሲሄድ ሲመጣ ነገሩ ከበዳት። መጀመሪያ ግማሽ ከፈለች። ቀጥሎ ምንም። ጥቅምት ሲያልቅ ዕዳዋ 6,850 ብር ደረሰ። ከዚያ በሱቄ በኩል ማለፍ ተወች። በላይኛው መንገድ ዞራ ነው የምትሄደው። ብዙም ሳትቆይ ቤት ቀየረች፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ኪራይ ወደሚረክስበት።

እውነቱን ልናገር፣ ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። መሸሿ ነው። ስንት ዓመት ያመንኳት ልጅ ሌባ የሆነችብኝ መሰለኝ። ስለዚህ አወራሁ። ቡና ላይ አወራሁ፣ ዕቁብ ላይ አወራሁ፣ ጎረቤቶቼ ለሆኑ ባለሱቆች "እሷን ልጅ ዱቤ እንዳትሰጡ፣ እኔን አይታችሁ ተማሩ" አልኩ። ይህን ሁሉ ያልኩት የነቢያትን ጾም እየጾምኩ ነው። ኅዳር 15 ከገባ ጀምሮ ወተት ያለበት ብስኩት እንኳ አልነካሁም፤ የሰው ሥጋ ግን በየቡናው ላይ እበላ ነበር።

አንድ አርብ ጠዋት የወንድሜን ልጅ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ብር የለኝም አለችኝ። አለመኖሩን አይቼዋለሁ፤ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ የሊጥ ባልዲና የኤሌክትሪክ ምጣዷ ነው ያለው። ምጣዱን እወስዳለሁ አልኩ። ስትከፍይ ትወስጃለሽ። ትጮሃለች፣ ጎረቤት ትጠራለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ሶኬቱን ነቀለች፣ ጠርዙ ላይ የደረቀውን ሊጥ በጨርቅ ጠረገች፣ ማሰሻዋን አንስታ ለብቻው አስቀመጠች፣ "በሁለት እጅ ያዘው፣ ይሰበራል" አለችው የወንድሜን ልጅ። ምጣዱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ባልዲው ውስጥ ሊጡ ኩፍ ብሎ እስከ አፉ ደርሷል። አየሁት። አይቼ ወጣሁ።

ምጣዱን መጋዘን ውስጥ ከባዶ ካርቶን ጋር አስቀመጥኩት። ለምን ወሰድሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ጎበዝ ተብያለሁ።

በዚያው ሰሞን የስለት ጃንጥላዬን ገዛሁ። ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ምጡ ጠንቶባት ስለነበር፣ በሰላም ከተገላገለች ለገብርኤል ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ሰምቶኛል፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ጃንጥላውን 7,500 ብር ገዛሁት፣ ወርቃማ ጥልፍ ያለው፣ ዘርፉ የሚያበራ። ለታህሳስ 19 ዋዜማ ተነሳን። የድሬ ሰው ቁልቢ ሲሄድ ታውቁታላችሁ፣ ከዚህ ሙቀት ወጥቶ ደንገጎን ሲያልፍ ብርዱ ያስደነግጠዋል፤ ጋቢ ያልያዘ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። በጉልበቱ እየዳኸ የሚሄድ አየሁ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ አየሁ፣ ክርስትና የሚነሳ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ብዛት ቁጥር የለውም። ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው ይባላል ሁሌ፣ ልጆች ሆነን እናቴ እዚያው ቆማ ነው ይህን የነገረችኝ፣ እኔም ለልጆቼ እዚያው ቆሜ ነግሬያለሁ። ጃንጥላዬን ሳስረክብ እልል ተባለልኝ። አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ስለ ምጣዱ አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

ስለት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ማንም እንዲህ አድርጎ እንዳይተረጉምብኝ። ስለቴን በመስጠቴ አልጸጸትም፤ ዘንድሮም እሄዳለሁ።

ለገና ንስሐ አባቴ ቤት መጡ። ጸበል ረጩልን፣ ቡና ጠጡ። ከዚያ ለብቻችን ስንሆን ኃጢአቴን ተናገርኩ። ቁጣ አለብኝ አልኩ። በምን ተቆጣሽ አሉኝ። ገንዘቤን የበላች ልጅ አለች አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ምጣዱን ጭምር፤ የነገርኳቸው ግን እንደ ኃጢአት አይደለም፣ እንደ ማስረጃ ነው፣ እሷ ምን ያህል እንዳስቸገረችኝ እንዲያውቁልኝ። ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ልጄ፣ ምጣዱ አሁን የት ነው ያለው?" አሉ።

"መጋዘን ነው አባ።"

"እሷስ በምን እየጋገረች ነው?"

መልስ አልነበረኝም። አንድ ወር ከምናምን ሆኖታል፣ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅ። ዕዳዬን እንድትከፍለኝ እፈልጋለሁ፣ የምትከፍልበትን ግን መጋዘን ቆልፌበታለሁ። ይህ ለነጋዴ እንኳ ሒሳቡ የማይገባ ነገር ነው።

አባ አልተቆጡኝም። ኦሪት ወፍጮና መጁን በመያዣ አትውሰድ፣ የሰው ነፍስ እንደመውሰድ ነው ትላለች አሉኝ። ዘዳግም 24 ላይ ነው፣ በኋላ ራሴ አንብቤዋለሁ። ያን ጊዜ ወፍጮ ነበር፣ አሁን ምጣድ ነው። ቀጥለው የጠየቁኝ ስለቱን ነው። ጃንጥላውን ሰጠሁ አልኳቸው፣ ደስ እንዲላቸው። ደስም አላቸው። ግን ማቴዎስ 5ን አስታወሱኝ፣ መባህን በመሠዊያው ላይ ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ፣ ከዚያ መጥተህ መባህን አቅርብ የሚለውን። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሁሌ የምሰማው ግን እኔ የተቀየምኩት ሰው ካለ ብሎ ነበር። እንደዚያ አይልም። እሱ በአንተ ላይ ያለው ነገር ካለ ነው የሚለው። እኔ እሷ ላይ 6,850 ብር አለኝ ስል፣ እሷ እኔ ላይ ያላትን አልቆጠርኩም።

ሲወጡ በር ላይ ቆመው ያሉኝን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። "ጌታ ለፈሪሳውያን ምሕረትን እወዳለሁ መሥዋዕትንም አይደለም ያለው ምን እንደ ሆነ ሄዳችሁ ተማሩ ብሏቸዋል። በእኛ አማርኛ ተማረ ማለት ሁለት ነው። ዕውቀት ያገኘ ተማረ እንላለን፣ ምሕረት ያገኘም ተማረ እንላለን። አንቺ እስቲ መቼ እንደተማርሽ አስቢ።"

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጽሐፉን አውጥቼ ማቴዎስ 18ን አነበብኩ፣ እልፍ መክሊት የተማረውንና መቶ ዲናር ያለበትን ጓደኛውን አንቆ የያዘውን ባሪያ። ስብከት ላይ ሁሌ መቶ ዲናር ምንም እንዳልሆነች ነው የሚነገረን። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ቁጥር ሲጠራ ማስላት ልማዴ ነው። ዲናር ያን ጊዜ የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ ነው፤ እዚያው ማቴዎስ ወንጌል ውስጥ የወይኑ ቦታ ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር ተስማምተው ነው የገቡት። ስለዚህ መቶ ዲናር የመቶ ቀን ደመወዝ ነው፣ ከሦስት ወር በላይ። ቀላል ገንዘብ አይደለም! ጌታ የእኛ ዕዳ ተራ ነገር ነው አላለንም። ያ ባሪያ የሚያንቀው በእውነተኛ ገንዘብ ነው፣ ተበድሏል፣ መብትም አለው። አንዱ መክሊት ደግሞ 6,000 ዲናር ያህል ነው። እልፍ ማለት 10,000 ነውና እልፍ መክሊት 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል፤ አንድ ሰው በየቀኑ ሳያርፍ ቢሠራ ከ160,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እና ያ ሰው "ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ" ብሎ ነበር የለመነው። የማይችለውን ነው ቃል የገባው። ጌታው ይህንን ያውቃል፣ ጊዜ አልጨመረለትም፣ ተወለት።

ይህን እያሰላሁ ሳለሁ ነው ሐጂ ትዝ ያሉኝ።

የደቻቱን ጎርፍ የድሬ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የመጣው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ተራራው ላይ ነውና እኛ ሳናውቀው ውሃው ይወርድብናል። በዚያች ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የእኔ ሱቅ ያን ጊዜ ከወንዙ ዳር ነበረች። ሲነጋ ግድግዳው የለም። ዘይቱ የለም፣ ስኳሩ ጭቃ ሆኗል። እኔ ልጆቼን ይዤ በመትረፌ ብቻ ቆሜያለሁ። እና የጅምላ ዕቃ ከምወስድባቸው ከመጋላ ነጋዴ ከሐጂ ላይ ብዙ ዕዳ ነበረብኝ፤ የዛሬው 6,850 ብር አጠገቡ አይደርስም።

ከሳምንት በኋላ ሄድኩ። ለመለመን ነው የሄድኩት። ጊዜ ይስጡኝ፣ እከፍላለሁ ልል። ልክ እንደዚያ ባሪያ። ሐጂ ሻይ አዘዙልኝ። ልጆቹን ጠየቁኝ። ከዚያ ደብተራቸውን ከፈቱ፣ የእኔን ገጽ አገኙ፣ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ሰረዙት። "አቦ፣ ይሄ ውሃ የወሰደው ነው፣ አንቺ አልወሰድሽም" አሉኝ። የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ ስጡት፣ ብትተዉለት ግን ለእናንተ ይሻላል የሚል ቃል በቁርአናቸው እንዳለ ነገሩኝ። በዚያው ቀን 2 ኩንታል ስኳር በዱቤ ጫኑልኝ። የዛሬዋ ሱቄ ከዚያ ስኳር ነው የተነሳችው። ሐጂ ከሞቱ ቆዩ፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

የተማርኩት ያን ቀን ነው። አንድ ቀን አልቆየብኝም አልልም፣ ጥቂት ዓመት አስታውሼዋለሁ። ከዚያ ሱቋ ስትሞላ ረሳሁት። የእልፍ መክሊቱ ሰውዬ ጭካኔ ሁሌ ይገርመኝ ነበር፣ እንዴት ከጌታው ቤት ወጥቶ በሩ ላይ ሰው ያንቃል ብዬ። አሁን አይገርመኝም። በሐጂ ሒሳብና በዚያች ልጅ ደጃፍ መሃል 20 ዓመት እንኳ አልሞላም።

በነጋታው ምጣዱን ባጃጅ ላይ አስጭኜ ሄድኩ። በሩን ከፈተች። እኔ ታቅፈኛለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር መሰለኝ። በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች፣ እንዳልገባ። "እትዬ፣ አሁን ደግሞ ምን ልትወስጂ መጣሽ?" አለችኝ። ትንሿ ልጅ ከኋላዋ ሆና ፍራሹን ያዘች። ፍራሹን ልወስድ የመጣሁ መስሏት ነው። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው፤ ግን ካልጻፍኩት ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ምጣዱን አስገባን። በምን ትጋግሪ ነበር አልኳት። ጎረቤት ምጣድ በተራ እየለመነች፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ባለቤቷ ሳትነሳ። ዕዳሽን ሰርዣለሁ አልኳት፣ ደብተሩንም ይዤ ነበር፣ ልክ እንደ ሐጂ ፊቷ ላይ ልሰርዘው። እምቢ አለችኝ። "እከፍላለሁ። ብሩን አይደለም ያስቸገርሽኝ። አንቺ ካወራሽ ወዲህ ማንም ዱቄት አይሰጠኝም። ልጄን እንኳ ሻማ ልትገዛ ስልካት 'ብሩን መጀመሪያ አሳዪ' ይሏታል። እሱን መልሺልኝ።"

እኔ ይዤ የመጣሁት ምሕረት ርካሹ ነበር። 6,850 ብር መሰረዝ ለእኔ ከባድ ቢሆንም ይቻላል። እሷ የምትፈልገው ግን ቡና ቡናውን ዞሬ፣ ዕቁብ ላይ ተነስቼ፣ በድያታለሁ፣ ሌባ አይደለችም፣ ችግር ነው ያገኛት እንድል ነው። ሞክሬዋለሁ። ቡና ላይ ስናገር ሰው ወሬ ሊያስቀይር ይሞክራል፤ ስታሚ የሚሰበሰበው ሁሉ ስትመልሺ ይበተናል። ከባለሱቆቹ አንዱ "ተይው ባክሽ፣ ምን አገባሽ" ብሎኛል። ዕቁብ ላይ አንድ ጊዜ ተናገርኩ፣ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼዋለሁ፤ ጃንጥላ ሳስረክብ እልል ያሉልኝ አንዳንዶቹ እዚያ ነበሩ፣ ማንም እልል አላለም።

በዚህ ዓመት ሰው ሲያነጋግረኝ ሁሌ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። "ሁሉንም ብትምሪ ሱቅሽ አይዘጋም?" እኔም እንዲህ ስል ስለኖርኩ አልፈርድባቸውም። አዎ፣ የሚያታልል አለ። አንዱ 12 ካርቶን ዘይት በዱቤ ወስዶ ስልኩን ዘግቶ ጠፋብኝ፤ ለእሱ ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ ካልሆነም ሕግ አለ፣ እሄዳለሁ። ምሕረት ማለት ማንም እንደፈለገ ይዝረፈኝ ማለት አይደለም። ግን ከመቆጣቴ በፊት የምጠይቀው ነገር አለ አሁን። አልከፍልም ብሎ ነው ወይስ አጥቶ? ከሸሸኝ ደግሞ አፍሮ ይሆን? የሸሸ ሁሉ ሌባ ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው ያፈረ ሰው ነው። እና የሚበላበትን ዕቃ አልነካም፤ ምጣድ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የጫማ ጠራጊ ሳጥን አልነካም። ስምም አልጠራም። አሁን አንዳንድ ሱቅ የባለዕዳ ስም ግድግዳ ላይ ለጥፎ አያለሁ፣ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የሚለቅም ሰምቻለሁ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ብሩ አንድ ቀን ይመለሳል፣ ያ ፎቶ ግን አይመለስም። ልጆቿ ትምህርት ቤት ያዩታል።

በላዔ ሰብእን ታውቁታላችሁ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በመጣች ቁጥር ይነገረናል፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ሚዛኑ እንደደፋለት። ይህን ሰምተን ትንሽ ብንሰጥ ይበቃናል ብለን እንሄዳለን፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ላሉት ነዳያን ሳንቲም በትነን። እኔ ግን አሁን ሳስበው፣ ያ ሰው ውሃውን የሰጠው ፊቱ ለቆመ፣ ላነጋገረው ሰው ነው። ነዳያኑን አላውቃቸውም፣ አልበደሉኝም፣ ለእነሱ መስጠት ቀላል ነው። ከባዱ ስሙን የማውቀው፣ ደብተሬ ላይ ያለው፣ ሳየው ደሜ የሚፈላው ነው። ለሰባኪያኖቻችንም ይህን ልለምን እወዳለሁ፤ ምጽዋትን አስተማራችሁን፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እንሰጣለን። ዘንድሮ ቁልቢ ላይ ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ስለ ባለዕዳችንም ተናገሩ። ሺህ ሰው ጃንጥላና ሻማ ይዞ ቆሞ እየሰማችሁ ነው፣ ከእነዚያ ውስጥ የሰው ምጣድ መጋዘን የቆለፈ አይጠፋም። ዕድሮቻችንም እንደዚሁ፤ መዋጮ ሦስት ወር ያልከፈለችን መበለት ስሟን ሰርዘን፣ ስትሞት ድንኳን ከልክለን፣ ከዚያ ነፍስ ይማር እንላለን።

ልጅቷ አሁን ትጋግራለች። ባለፈው ሳምንት 200 ብር ይዛ መጣች። ከዚያ በፊት በነበረውም ሳምንት እንዲሁ። ስታመጣ እቀበላታለሁ፤ አልቀበልም ብል እንደምትቀየመኝ ገብቶኛል። ግን አልጽፈውም። ገጹን ቀድጄዋለሁ፣ ምን ያህል እንደቀራት እሷ ታውቃለች።

አሁን ደብዳቤውን ወደጻፍኩበት ጉዳይ ልግባና ላብቃ። ያን ጊዜ ስሟን ያጠፋሁባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም አግኝቼ አልጨረስኩም። ሁለቱ ባለሱቆች ዛሬም ዱቤ አይሰጧትም። ጋዜጣችሁን ያነባሉ፣ አንዱማ ከእኔ ነው እየተዋሰ የሚያነበው። እዚህ ላይ ሲያነቡት ስለ ማን እንደምጽፍ ይገባቸዋል። ስለዚህ ቦታ ካገኛችሁ ከታህሳስ 19 በፊት አትሙልኝ፤ ወደ ቁልቢ ከመውጣቴ በፊት ጋዜጣውን ይዤ ሁለቱም ጋ ልሄድ አስቤያለሁ።

አክባሪያችሁ
የሳቢያኗ ባለሱቅ፣ ከድሬዳዋ